የአራት ሰዓት ሙከራ

ጃንዋሪ 14፣ ቅዳሜ

ላፕቶፑ ዛሬ በፖስታ መጣ። አዲስ አይደለም፤ አንድ ሰው መልሶት ራሱ አምራቹ ያደሰው ነው። ምንም ሥዕል የሌለበት ቡናማ ካርቶን፣ ውስጡ ላፕቶፕ፣ ቻርጀርና አንድ ወረቀት። ዋስትናው ዘጠና ቀን ነው፤ ኤፕሪል 14 ያበቃል።

እኛ ወርክሾፕ የታደሰ ዕቃ ሁሉ መዝገብ አለው። ፍሬንም ይሁን ማርሽ ወይም ፓምፕ፣ ወደ ወረቀት ፋብሪካው ከመመለሱ በፊት ጭነት ተሸክሞ አራት ሰዓት ይሠራል። ሙቀቱ፣ ድምፁ፣ ንዝረቱ ይጻፋል። ከዚያ ያደሰው ሰው ካርዱ ላይ ይፈርማል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ስሠራ ስለኖርኩ ይህንንም ያለ መዝገብ ማስነሳት አላስቻለኝም። ከወርክሾፑ አንድ ባዶ ደብተር ይዤ መጣሁ።

የገዛሁት ኤፕሪል 12 ቀን በቪዲዮ የምስክርነት ቃል ስለምሰጥ ነው። የወርክሾፑ ኢንሹራንስ ጠበቃ ወይዘሪት ሃሎራን «በስልክ አይሆንም ሚስተር ሲር፤ ደህና ካሜራ ያለው ላፕቶፕ ይፈልጉ» አለችኝ። ኖቬምበር ላይ ፋብሪካው ውስጥ የወረቀት መጠቅለያው ማሽን የፌርናን ዴግልን ቀኝ እጅ ወሰደው። የማሽኑን ፍሬን ያደስኩት እኔ ነኝ። ፌርናን ወርክሾፑን ከሷል። ወርክሾፑ ደግሞ ፌርናን ፍሬኑን አልረገጠም ይላል። ወርክሾፑ የሚስቴ ወንድም የሬያል ነው።

ስለዚህ ጉዳይ እዚህ አልጽፍም። ይህ የላፕቶፕ መዝገብ ነው።

ከካርቶኑ የወጣው ወረቀት የፍተሻ ዝርዝር ነው፦ ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማጠፊያ፣ ባትሪ። መጨረሻው ላይ «በሥራ ላይ አራት ሰዓት ተፈትኗል» ይልና ምልክት ተደርጎበታል። ስም የለውም፣ «መርማሪ 41» ብቻ። ምልክት ማድረግ ቀላል ነው።

ጃንዋሪ 15፣ እሑድ

ራሴ ሞከርኩት። ከቅዳሴ መልስ ጀምሮ አራት ሰዓት ሙሉ፣ አምስት ቪዲዮ ባንድ ጊዜ ከፍቼ። በየሩብ ሰዓቱ ከወርክሾፕ ባመጣሁት መለኪያ ሆዱን ለካሁት።

«ሰውዬ፣ የታመመ ልጅ ያለብህ ትመስላለህ» አለች ሚስቴ ኖኤላ።

ሬያል እንደ እሑዱ ልማድ ፕሎይ የምንለውን ስስ ቂጣ ሊበላ መጣ። አንዱን ቅቤ ቀብቶ ጠቅልሎ እየጎረሰ አጠገቤ ቆመ።

«አማቼ፣ ያን ዕለት እንዳያሳፍርህ ነው እንዲህ የምታስጨንቀው?»

«አዎ።»

«ጎበዝ። እኔ ባንተ አልሠጋም። ስምንት ቤተሰብ ነው ከዚያ ወርክሾፕ የሚበላው፤ እኔንና እህቴን ሳልቆጥር ማለቴ ነው።»

ይህን ሲናገር የሚያየው ላፕቶፑን ነበር። እኔም ላፕቶፑን አየሁ።

ውጤት፦ ሙቀቱ ከ104 ፋራናይት አላለፈም። ባትሪ ከ100 ወደ 31። ፋኑ ለስላሳ። ማጠፊያው ትንሽ ጠበቅ ይላል። ከሥር ካሉት አራት የጎማ እግሮች አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ ጥቁር ነው፤ ተቀይሯል። ሌላ ምንም የለም። መርማሪ 41 ሥራውን ሠርቷል። ለምን እንደተናደድኩ አላውቅም።

ጃንዋሪ 19

ባትሪ ደህና። ፋን ደህና።

ወርክሾፕ ውስጥ ሬያል አሁን ሰዓት ይዞ ሙከራው ጋ ይቆማል። «አራት ሰዓት ማለት አራት ሰዓት ነው!» እያለ ይጮኻል። ልጆቹ ከኋላው ይሳሳቃሉ። እኔ አልሳቅኩም፤ አልተቆጣሁምም።

ጃንዋሪ 28፣ ቅዳሜ

ለደጃፉ በረዶ የሚበተን ጨው ልገዛ ሃርድዌር መደብር ገባሁ። ፌርናን ጓንት ከተሰቀለበት ቆሟል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የማውቀው ሰው ነው። ዞሬ ልወጣ ነበር፣ ቀደመኝ።

«ሮዜ! ጨው ነው? ለደጅህ ነው ወይስ ለምሳህ?»

«ለደጄ።»

«እኔ ግማሽ ጥንድ ጓንት ሽጪልኝ ብዬ ልጅቷን ብለምናት፣ ብለምናት፣ አይቻልም አለችኝ። እንደ ጠበቃ ነው የምታወራው።» ጥንዱን አንድ ያደረገውን ክር በጥርሱ በጠሰና የቀኙን ዘረጋልኝ። «እንካ። ቁጥራችን አንድ ነው። እኔ ጋ ሆኖ ምን ይሠራል? ገና አልከፈልኩም፣ አትፍራ፣ እከፍላለሁ።»

ተቀበልኩት። «አመሰግናለሁ» ሁሉ አልኩት። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታውቃለህ፣ እጄን እኮ አይደለም የማስበው። እግሬን ነው። ረገጥኩት ወይስ አልረገጥኩትም? አላስታውስም። ከፊቱም ከኋላውም ያለውን አስታውሳለሁ፣ እሷን ቅጽበት ብቻ አላስታውስም። ሁሉም አልረገጥክም ይለኛል። ሎሬትም ‘ሁለት ፈረቃ ሠርተህ ደክሞህ ነበር እኮ፣ የኔ ጌታ’ ትለኛለች። ሚስቴ ናት፣ ልታጽናናኝ ነው። አሁን አሁን እኔም አልረገጥኩትም ማለት ጀምሬያለሁ።»

«ጠበቆቹ እንዳናወራ ብለዋል» አልኩት።

«አዎ። ልክ ነህ፣ ወንድሜ።»

ሊከፍል ሄደ። ጨዉን ሳልገዛ ወጣሁ። ላፕቶፕ፦ ዛሬ አልተከፈተም።

ፌብሩዋሪ 4፣ ቅዳሜ

ላፕቶፑ ፒክአፑ ውስጥ አደረ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ገብቶ ነበር። ረስቼው ነው።

«ረስተኸው?» አለች ኖኤላ። «አንተ? መፍቻ እንኳ ረስተህ አታውቅም።»

ሳይሞቅ ከፈትኩት። እንዲህ ያለውን ዕቃ ክፍሉን እስኪለምድ ማቆየት እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ለሌላ ሰው የማስተምረው ነገር ነው። ስክሪኑ ትንሽ ዘገየ፤ ከዚያ በራ። ቁልፎቹ ሁሉ ይሠራሉ። ባትሪ 64። ኩሽናው ውስጥ እንደ ቆምኩ ትንሽ ቆየሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ምንም አልተሰማኝም።

ፌብሩዋሪ 15፣ ረቡዕ

ከወይዘሪት ሃሎራን ጋር ልምምድ አደረግን። ከመጀመራችን በፊት ኖኤላ አሳየችኝ፤ እሷ የወርክሾፑን ቢሮ ስለምትሠራ ይህን ነገር ትችለዋለች። «ስታስል ወይም ስትጠብቅ ማይኩን ዝጋው። ይቺ ቁልፍ ናት። ቀይ መብራት ከበራ ተዘግቷል ማለት ነው። ስትናገር ክፈተው።»

ሃሎራን ትሑት ናት፤ ስለ ጉልበቴ ሕመም ሳይቀር ጠየቀችኝ። ከዚያ፦ «የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። አጭር ይሁን። ‘አላስታውስም’ ሙሉ መልስ ነው። ካላስታወሱ ውሸት አይደለም።»

«ካስታወስኩስ?»

ዝም አለች። ስክሪኑ የቆመ መስሎኝ ደስ አለኝ። አልቆመም፤ ዓይኗን ስታርገበግብ አየሁ።

«ምስልዎ በጣም ጥሩ ነው ሚስተር ሲር» አለች ቆይታ። «ድምፅዎም። ላፕቶፑን ደህና መርጠዋል።»

ፌብሩዋሪ 26፣ እሑድ

ጾሙ ገብቷል። ሥጋ የለም፣ ሬያል ግን አለ።

ሬያል ከሄደ በኋላ ኖኤላ ልብስ ማጠቢያው ጋ ሆና በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ልሰማ ብዬ አልቆምኩም፤ ካልሲ ፍለጋ ነበርኩ። «እሱ የሚናገር ሰው አይደለም፣ ሬያል። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። እናቱ ስትሞት እንኳ አልተናገረም። አትጨነቅ ስልህ።»

የምትለው ልክ ነው። እውነት የሆነ ነገር ለምን እንደሚያም አላውቅም። ያለ ካልሲ ወጣሁ።

ባትሪ፦ 97 ከመቶ ጤና። በስድስት ሳምንት አንድ ብቻ ነው የቀነሰው።

ማርች 3

ፋን ደህና። በረዶ። ሥራ።

ማርች 9፣ ሐሙስ

አምራቹ ጋ ደወልኩ። ፋኑ ያፏጫል አልኩ። የምታወራኝ ልጅ ትዕግሥቷ ለጉድ ነው። «ይህን ይጫኑ፣ ጌታዬ። አሁን ይህን። አሁን ጥቂት እንጠብቅ።» ማሽኑ ራሱን ሲመረምር አርባ ደቂቃ አብራኝ ቆየች። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ሁሉም አለፈ።

«አሁን ያፏጫል?»

«አሁን አያፏጭም።»

«መልሰው መላክ ይችላሉ፣ ዋስትናው ገና ነው። ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ ጌታዬ፣ ምንም አልሆነም። በሚቀጥለው ወር የሚያስፈልግዎ ሥራ አለ ብለዋል፤ ከላኩት ላይደርስልዎ ይችላል።»

«ላይደርስ ይችላል?»

«ሊዘገይ ይችላል።»

አድራሻዬን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አመስግኜ ዘጋሁት። ፋኑ አንድም ቀን አፏጭቶ አያውቅም።

ማርች 21

ሃሎራን የፍሬኑን የፍተሻ ካርድ ቅጂ በኢሜይል ላከችልኝ፤ አስቀድሜ እንዳየው። የስክሪኑ ጥራት ለሐሜት አይመችም። አንዷን መስመር እስከፈለግኩ አጎላኋት። «የሙከራ ጊዜ፦ 4 ሰዓት።» የእኔ ጽሕፈት ነው። አራቷ ላይ እስክሪብቶው ሁለት ጊዜ እንደሄደ ይታያል። ሥሯ ሌላ ቁጥር ተጀምሮ የተተወ ይመስላል። ካርዱን ወደ ኮምፒውተር ያስገባችው ኖኤላ ናት። እሷም አይታዋለች ማለት ነው።

ያን ቀን የፋብሪካው መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሬያል «በቃ በለው፣ ደህና ነው፣ ያንተ እጅ አይሳሳትም» አለኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ማርች 27

ዛሬ ወርክሾፕ ውስጥ አንዱን ልጅ ያለ ጥፋቱ ጮኽኩበት። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ባትሪ ደህና።

ኤፕሪል 1፣ ቅዳሜ

በደብሩ አዳራሽ የባቄላ እራት ነበረ። አልሄድም ብዬ ነበር። ኖኤላ «ካልሄድን ሰው ምን ይላል?» አለች። ፌርናንና ሎሬት ፊት ለፊታችን ካለው ጠረጴዛ ተቀመጡ። ፌርናን ባቄላውን በግራ እጁ ደህና አድርጎ ይበላል። ሁሉንም ያስቃል። ቄሱን ሳይቀር አሳቀ።

ሹካ ወድቆብኝ ላነሣ ሳጎነብስ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን አየሁ። ከላይ እየቀለደ ከታች ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። ይረግጣል፣ ይለቃል። ይረግጣል፣ ይለቃል። ሰዎቹ ሲስቁም አላቆመም። ራሱም የሚያውቀው አልመሰለኝም። ሎሬት ግን ታውቃለች፤ እጇን ጉልበቱ ላይ አድርጋ ያዘችው፤ ያን ጊዜ ቆመ።

ሹካውን ሳላነሣው ቀና አልኩ። እኔ ክፉ ሰው ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ኤፕሪል 9፣ ፋሲካ

ሬያል የጭን ሥጋ ይዞ መጣ። «ከረቡዕ በኋላ ሁላችንም እንተነፍሳለን» አለ። አንዱን ትልቁን ቁራጭ እሱ ነው ሳህኔ ላይ ያደረገልኝ።

ኤፕሪል 11

ባትሪ 100። ካሜራ ደህና። ሁሉም ደህና።

ኤፕሪል 12፣ ረቡዕ

ቃል በቃል ልጽፈው እሞክራለሁ።

ጠዋት ላፕቶፑን ስከፍት እንዲበላሽ እየጠበቅኩ ነበር። አሁን መደበቁ ምንም አይጠቅመኝም፤ ሦስት ወር ሙሉ ስጠብቅ የነበረው እሱን ነው። አልተበላሸም። ምስሉ ጥሩ፣ ድምፁ ጥሩ፣ ፋኑ የለም የሚያሰኝ።

ሁሉም በየሳጥናቸው ነበሩ፦ ሃሎራን፣ የፌርናን ጠበቃ ሚስተር ፊስክ፣ ቃል የምትመዘግበው ሴት፣ ሬያል። ፌርናንና ሎሬት በአንድ ሳጥን ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል። ኖኤላ ከላፕቶፑ ጀርባ፣ ካሜራው በማያያት በኩል፣ ሳህን ታጥብ ነበር። ቀኝ እጄን አንሥቼ ማልኩ። ከዚያ ሁለቱ ጠበቆች ስለ አንድ ወረቀት መከራከር ጀመሩ፤ ሳል ያዘኝና ማይኩን ዘጋሁት።

ፊስክ ወደ እኔ ተመለሰ። «ሚስተር ሲር፣ ካርዱ አራት ሰዓት ይላል። ፍሬኑ በእርግጥ ስንት ሰዓት ተሞከረ?»

ተናገርኩ። እንዴት እንደጀመርኩ አላውቅም። የመኪናውን ሞተር፣ የሬያልን «በቃ በለው»፣ የጀመርኩትንና አራት ያደረግኩትን ቁጥር፣ ሁሉንም። ሬያል ያዘዘኝ ቢሆንም የፈረመው የእኔ እጅ ነው አልኩ። ሃርድዌር መደብር ውስጥ ፌርናን ስለ እግሩ ሲነግረኝ ጠበቃ ጠቅሼ እንዳመለጥኩ ሳይቀር ተናገርኩ፤ ማንም ስላልጠየቀኝ ነገር። ስጨርስ ፊታቸውን አየሁ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ፌርናን እንደ መጀመሪያው ዝም ብሎ ያየኛል። እንዲህ ነው ለካ፣ ምንም አይሆንም ለካ፣ አልኩ በልቤ።

«ሚስተር ሲር» አለች መዝጋቢዋ፣ «ማይክዎ ዝግ ነው። ምንም አልሰማንም።»

ቀዩ መብራት በርቷል።

የሰማችው ኖኤላ ብቻ ነበረች። እርጥብ ሳህን እንደያዘች ቆማለች።

ሃሎራን ተሽቀዳደመች። «ጥያቄው ይደገምለት። ሚስተር ሲር፣ አይጣደፉ፣ ይረጋጉ። ካላስታወሱ አላስታውስም ማለት እንደሚችሉ ያውቃሉ።» ሬያል በሳጥኑ ውስጥ ራሱን ነቀነቀ፤ እየረዳኝ ነው። ፊስክ ጥያቄውን ደገመ። ሌላ መልስ መስጠት እችል ነበር። ጣቴን ወደ ቁልፉ ዘረጋሁና ከበላዩ ላይ ቆመች። ማይኩን መክፈት ያቃተኝ ይሁን ያልፈለግኩ አላውቅም።

ኖኤላ ሳህኑን አስቀመጠች። መጣች። ክንዷ ከፊቴ አጠገብ ምስሉ ውስጥ ገባ፤ ሬያል እህቱን ሲያይ ፈገግ አለ። ቁልፉን ተጫነችው፣ ቀዩ መብራት ጠፋ። እኔን አላየችኝም። ኮቷን አንሥታ ወጣች፣ የመኪናዋ ድምፅ ተሰማኝ።

ሁለተኛው መልሴ አጠረ።

«ሃያ ደቂቃ» አልኩ። «አራት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻው ሙከራ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጬው የሙከራው ጥቅል መዞሩን አላቆመም። አይቻለሁ። መኪናው ይጠብቅ ነበር፤ ፈረምኩ።»

የሬያል ሳጥን ጠቆረ። ሃሎራን አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ፌርናን ወደ ካሜራው ተጠጋ፣ ተጠጋ፣ ግንባሩ ብቻ እስኪታይ ድረስ።

«ረግጬው ነበር ማለት ነው?» አለ።

«ሚስተር ዴግል፣ እባክዎ አይናገሩ» አለ ጠበቃው።

«ሮዜ፣ ረግጬው ነበር ማለት ነው?»

«ሚስተር ሲር፣ ይህ ጥያቄ አይደለም፤ አይመልሱ» አለች ሃሎራን።

«ረግጠኸው ይሆናል፣ ፌርናን» አልኩት። «ብትረግጠውም አይቆምልህም ነበር።»